አራት ሺህ ሦስት መቶ

ኪሩና ላይ ፀሐይ በታኅሣሥ አትወጣም፤
«ቀትር ነው» ሲሉኝም ሰማዩ አይነጣም።
ሰባት ቤት አለብኝ፣ ሰባት ሽማግሌ፣
ክኒን ላስውጣቸው፣ ካልሲ ላጠልቅ ሁሌ።
ቮልቮዬ አርጅታለች፤ የፊት መብራቷ
የሚያልቅ ጧፍ መስሎ ይሞታል ከፊቷ።

ባለፈው ኀሙስ ለት፣ ከቪታንጊ መልስ፣
አንድ አጋዘን ቆሟል፤
ጉልበቱን ያየሁት አፍንጫው ጋ ስደርስ።
ፍሬን ረገጥኩ። ቆምን። ተያየን ጥቂት።
እሱ ቀድሞኝ ሄደ፤
እኔ እግሬ እንቢ አለኝ፣ ቆየሁ ከመሪው ፊት።

«ዜኖን አስገቢበት» አለችኝ ይርገዱ፣
«የኔ እንደ ቀን ያበራል፣ አይጠፋም መንገዱ!»
(ከፊቷ የሚመጣ ሁሉ እንደሚረግማት
አላወቀች እሷ፤ ማን ደፍሮ ይንገራት?)

ከዚያ ወዲያ ምሽቴ መምረጥ ብቻ ሆነ፣
ሳጥን ከሳጥን ጋር እየተመዘነ።
አንዱ ሰማያዊ ነው፣ ስምንት ሺህ ኬልቪን፣
ለዓይን ያምራል እንጂ አያሳይ ገደሉን።
አንዱ አምሳ አምስት ዋት ነው፤ በጉልበት ይፎክራል፣
የሽቦውን ልባስ አቅልጦ ያሳርራል።
አንዱ ርካሽ፤ ባላስቱ እንደ ክብሪት ቀፎ፣
ዋስትናው ሦስት ወር፣
ጨለማው ሳይገፈፍ የሚሄድ አልፎ።

ስቱሬ ጋራዡ ውስጥ ባላስቱን አንስቶ፣
በግ እንደሚገዛ ሰው፣ ጎኑን ዳብሶ፣ አይቶ፣
«ከበድ ያለውን ያዢ፣ ሙጫ የጠጣውን፣
ውሃ የማይገባው፣ ሽቦው ወፈር ያለውን።
ግን ለሃሎጅን በተሠራ ፋኖስ ካስገባሽው፣
ብርሃኑ ይበተናል፤ የሰው ዓይን ነው የምትመቺው።
ሌንስ ይፈልጋል፣ ማጠቢያ፣ ዝቅ ከፍ ማስተካከያም፤
ያለዚያ ቦሎ የለም።»
(ቦሎ አላለም እሱ። ቦሎ ያልኩት እኔ ነኝ።)
«ደግሞ ፊቱ ቀዝቃዛ ነው፤
በረዶ አያቀልጥም፣ ወርደሽ ትጠርጊያለሽ» ሲለኝ
ሳቄ አመለጠኝ።

አራተኛው ቤቴ አርቪድ ነው፤ ለዘጠና ሦስት ዓመት ቀርቶት፣
ዕድሜውን ከብረት ማዕድን ጉድጓድ አውጥቶት፣
ዓይኑ እየተወው ነው። መስኮት ላይ ይጠብቀኛል።
«ቢጫዋ መጣች እላለሁ» ይለኛል፣
«ስትታጠፊ ከድልድዩ፤
ሌላው ሁሉ ነጭ ነው፣ ሲመጡ አይለዩ።»

ልቀይረው ነው አልኩት። ዝም አለ። ካልሲውን አጠለቅሁ።
ቆይቶ ስለ ጉድጓዱ ጀመረ፤ ተንበርክኬ አዳመጥሁ።
«መብራታችን ግንባራችን ላይ ነበር።
አዲስ የገባ ልጅ ሁሌ ይሳሳታል፤
ሰላም ልበልህ ብሎ ቀና ሲል ዓይንህን ያጠፋል።
አንቆጣውም። መዳፋችንን ቆቡ ላይ ጭነን
ዝቅ እናደርገዋለን፣ እስከ ደረታችን፤
እዚያ ሲያበራ ነው ፊት ለፊት የምንተያየው።»
እጁን ዘርግቶ ራሴ ላይ ጫነው፣
መብራት ያለኝ ይመስል፣ ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገው።

ቅዳሜ ስቱሬ ጋ ሄድኩ። «ሠላሳ አምስት ዋት» አልኩት፣
«አራት ሺህ ሦስት መቶ።» ወተት ላይ ማር ጠብ ያለበት
የመሰለ ቀለም ነው። ከተጋጨች መኪና ፈትቶ
ሙሉ ፋኖሱን ሰጠኝ፣ ከነሌንሱ፣ ከነማጠቢያው፣
ከግማሽ ደሞዜ በላይ ቆርጦ ዋጋውን፤ ከፈልኩት ተከራክሬ ጥቂት፣ ለወጉ ያህል።

ቮልቮን ከግድግዳው አሥር ሜትር አራቀ፣
በጠመኔ አሰመረ፣
ቡለኑን አዞረ። ብርሃኑ ወረደ፣ ወረደ፣
ከመስመሩ በታች አደረ።
«ልክ ነው» አለኝ።
«ትንሽ ዝቅ» አልኩት።

ያን ምሽት አርቪድ በሩን ገርበብ አድርጎ
«ማን ነው?» አለ።
«ቢጫዋ ነኝ።»
«አልመሰልሽኝም» አለ፣ እጄን ፈልጎ።
ክኒኑን ዋጠ፣ ተኛ። ወጣሁ።
ሁለቱም ፋኖስ በረዶ ለብሷል፤
ስቱሬ እውነቱን ነው።
ሞተሩን አስነሥቼ፣
በካፖርቴ እጅጌ
አንዱን ጠርጌ፣ ወደ ሌላው ዞርኩ።