ንፋስ ከፋይ

የሌሊት ፈረቃ ከጨርቃጨርቅ ወጥቶ፣
ጥጥ በፀጉሩ ይዞ ወደ ቤት ሲያዘግም፣
እኔ ቦርከና ድልድይ ላይ ነበርኩ፤
ሁለት ጣቴ ጎማ ላይ፣ ዓይኔ ሐረጎ ላይ፤
ሐረጎ ከጉሙ ገና አልተገለጠም።

«ጎማ እንደ ሰው ነው» ይለኝ ነበር ተኮላ፣
ሰንሰለት አጣቢው፣ ራጂ የሚያቃናው፣
«ሲበዛ ይፈነዳል፣ ሲያንስ ይጎተታል፤
ልኩን ያወቀ ነው ደሴ የሚገባው።»

ቡድናችን ሰባት፣ አዲሱ ማልያ አምስት፣
ሁለቱ የአምና ነው፣ ቀለሙ የለቀቀ፤
ከሰባቱ አንዱ፣ አበጋዝ፣ ሊያሸንፍ፣
ስድስታችን ደግሞ እሱን ልናሳልፍ፤
እንዲህ ነበር ውሉ፣ ሳይጻፍ የታወቀ።

መሪ እጄ ላይ ነው፣ መሪ ከኋላዬ፣
አንዱን እጨብጣለሁ፣ አንዱን እጋርዳለሁ፤
የሁለቱን ስም አንድ ያደረገ ሰው
ብስክሌት ነድቶ ያውቃል እላለሁ።

ሥራዬ ንፋስ መክፈል ነበር።
ከፋይ ነኝ።
የደመወዝ ከፋዩ ሌላ ሰው ነው፤
እሱ ወር ሲያልቅ ይጠፋል።

ከመኪናው አራት ኮዳ ተቀብዬ፣
በጀርባዬ፣ በደረቴ፣ በማልያዬ ውስጥ ወሽቄ፣
ቅዝቃዜው አከርካሪዬን እየወረደ፣
ለጠማው ሁሉ አድርሻለሁ፤
እኔ መቼ እንደጠጣሁ አላስታውስም።

እናቴ ዘምዘም በር ላይ ትጠብቀኛለች።
«ስንተኛ ወጣህ፣ ይመር?»
«አርባ አንደኛ።»
«እነዚያ አርባዎቹ ምን በልተው ነው?»
«ውሃ አጠጥቻቸው ነው እማ፣
ከስምሽ የወረስኩት ሙያ።»

አንድ የጥቅምት እሑድ ግን፣
ሐረጎ ወገብ፣ ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ፣
እግሬ እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ አያውቅም።
ፊቴ ማንም የለም። ባዶ አስፋልት፣ የሰማይ ቁራጭ።
ከኋላዬ «ጢስስ» አለ።
ዞርኩ። አበጋዝ። ጎማው ተኝቷል።
መኪናው ሁለት ጠመዝማዛ ከታች ነው።
አልተነጋገርንም።
ወረድኩ፤ የፊት ጎማዬን ፈትቼ ሰጠሁት፤ ሄደ።

ባለ አንድ እግር ብስክሌት ትከሻዬ ላይ፣
የሞተ ጎማ እጄ ላይ፣ ዳር ቆምኩ።
ጭድ በአህያ የጫኑ አዛውንት ደረሱ።
«ምነው የኔ ልጅ፣ ምን ጎደለህ?»
«ንፋስ» አልኳቸው።
ሐረጎ ላይ! ኮፍያቸውን በሁለት እጅ ይዘው ሳለ!
ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤
እሳቸው ቀድመውኝ ጨረሱ።

የደሴ ፒያሳ አበጋዝን በትከሻ ተሸከመ።
ግማሹ ጎማ የኔ ነበር፤
ዋንጫ ላይ ጎማ አይጻፍም።

አሁን አይሱዙ እነዳለሁ፤
ዱቄት ሽቅብ፣ ባዶ ማዳበሪያ ቁልቁል።
ጉልበቴ ፍሬን ለመርገጥ ይበቃል።
ትናንት፣ እዚያው ጠመዝማዛ ላይ፣
አንዲት ልጅ አገኘሁ፣ አሥራ ሰባት ቢሆናት ነው፤
አንገቷን ደፍታ ከደሴ ከሚወርደው ንፋስ ጋር ትማታለች።
ቀስ ብዬ ፊቷ ገባሁ፣
ለጭሱ በልቤ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣
ማርሽ ቀነስኩ።
«ሹፌር፣ ምን ነካህ? ባጃጅ እንኳ አለፈን!» ረዳቴ ጮኸ።
«ዝም በል፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

በስፖኪዮ አያታለሁ፤
ትንፋሿ ተሰበሰበ፣ ትከሻዋ ረገበ፤
አንድ ጠመዝማዛ፣ ሁለት፤
ከዚያ ከኮርቻዋ ብድግ ብላ
በግራ በኩል አለፈችኝ።
ዞራ አላየችኝም።
ደግ አደረገች፤ ወደ ኋላ ማየት ደቂቃ ይበላል።
ስሟን አላውቅም፣ ስሜን አታውቅም፤
ንፋሱ ግን ተከፍሏል።