የቆቅ መዝገብ

ከጨረታ ነው የገዛኋት፣ ከብር ሸለቆ ወዲያ፣
አንበጣ መርጨት ተረስቷት፣ ሆና የዶሮ ማደሪያ።
ባንቻየሁ ክንፏን በዓይኗ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካች፤
«በዚህ ብር ወፍጮ ይተከላል» አለች።
ሌላ አልጨመረች።

እውነቷን ነው። ወፍጮ ያበላል፤
አውሮፕላን ግን ይበላል፦
መጀመሪያ ቤንዚን፣ ከዚያ ደመወዝ፣
ከዚያ ቅዳሜን ከነእሑዱ ይበላል።

ስሟን ቆቅ አልኳት፤
ጩኸቷ ብዙ፣ መንገዷ አጭር፣ መሬት ቶሎ ስለሚናፍቃት።
ሞተሯ አንድ፣ ወንበሯ አራት፣
በዕድሜ እኔን በሁለት ክረምት የምትበልጥ፣
ቀለሟ እንደ ትምህርት ቤት አግዳሚ የሚላጥ።
ቤንዚኗ በበርሜል፣ በአይሱዙ፣ አባይን ተሻግሮ ይመጣል፤
ከሷ ይልቅ እሱ ብዙ አገር ይረግጣል።

ሰኔ ሲገባ የማርቆስ ሜዳ ይጨቀያል፤
እስከ መስከረም የሚበር ቢኖር ዝንብ ይሆናል።
ያኔ ነው የምፈታታት።
ካንዴላውን አንድ በአንድ አውጥቼ በሽቦ ብሩሽ እፍቃለሁ፣
ቡሎኑን ከነዳዶው በጣሳ ቆጥሬ አስቀምጣለሁ፤
አንድ ክረምት አንድ ዳዶ ጎድሎብኝ ሦስት ሌት እንቅልፍ አጣሁ፣
በኋላ ከዘበኛው ከአንማው ልጅ ኪስ፣ ከብይ ጋር፣ አገኘሁ።
«ጋሼ» ይላል አንማው፣ «ይቺ ሴትዮ
ከመብረር መታመም ትወዳለች።»
እሱ ይስቃል፤ እሷ ዘይት ታንጠባጥባለች።

ዘንድሮ ከክንፏ ሥር የወፍ ጎጆ አገኘሁ፣ ከነጫጩቶቹ፤
ሁለት ሳምንት ጠበቅኋቸው።
ከኔ ቀድመው በረሩ፣
ፈቃድ ሳያሳድሱ፣ ዘይት ሳይቀይሩ።

አባቴ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይል ነበር፤
ስለ ቀበቶ መስሎኝ ነበር፣
ከጮቄ ትከሻ ላይ ሆኜ
አንድ ያልጠበቀ ቡሎን እስኪናገር።

እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ቆላ ላይ ፈረስ የሆነ ሞተር
ደጋ ሲወጣ በቅሎ ይሆናል፣ በልመና የሚሰግር።
ስለዚህ በማለዳ፣ ውርጩ ሣሩን ሳይለቅ፣
አንማው ላሞቹን ከሜዳው ሲያርቅ፣
ነዳጁን አሳሳለሁ፣ ጆሮዬን እሰጣታለሁ፤
ትስላለች፣ ትስላለች፣
ከዚያ ትስቃለች።

ከሜዳው ጫፍ ግን ጠላት አለን፣ የስንሻው ባሕር ዛፍ፤
በየዓመቱ እሱ ይረዝማል፣ እሷን ይከብዳታል ማለፍ።
ገንዘብ ብሰጥ፣ ሽማግሌ ብልክ፣ «ለልጄ ሠርግ ነው» አለ፤
ልጁ ገና አራተኛ ክፍል ነው፣ ዛፉ ደመና አከለ።

ጥር ላይ ራሱ መጣ። «እስቲ አንድ ቀን ውሰደኝ፣
መሬቴን ከላይ ልየው» አለኝ።
ከጎኔ አስቀመጥኩት፣ ቀበቶውን አጠበቅሁ፤
ስለ ዛፉ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ፍሬኑን ለቀቅሁ።

ቆቅ ትሮጣለች፤ ሣሩ ይሮጣል፤ ዛፉ ግን ቆሟል፤
ቆሞ ይቀርባል፤ ይቀርባል፤ ቅጠሉ ይቆጠራል፤
ስንሻው የማላውቀውን ታቦት ሁሉ በስም ይጠራል።

አለፍን።
በስንት ክንድ እንደሆነ አልለካሁም።

ወደ ደጀን ስንጠጋ ምድር ድንገት ተቆረጠ፣
አባይ ከገደሉ ሥር እንደ ቀጭን ክር ተገለጠ።
ስንመለስ ስንሻው መስታወቱን ጠቆመና «ያ የኔ ነው» አለ፤
ጣቱ ሦስት ቀበሌ ከለለ።

በማግስቱ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁ። ዝም አልኩ።
ግንዱን ባንቻየሁ ተከራክራ ገዛች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩ።

መዝገቡ ላይ እንዲህ ይላል፦
ግንቦት ሦስት። ሃምሳ ደቂቃ በረራ።
ዘይት ግማሽ ሊትር ተጨመረ።
የግራ ጎማ ነፋስ ያፈሳል።
ከሜዳው ጫፍ ዛፍ የለም።
ጉቶው አቆጥቁጧል፤
ቆጠርኩት፣ ስድስት ነው።