ሦስት ጭረት፥ አንድ ክብ

አፉላ ገበያ፥ ከጫማ ሰፊው ጎን፥
ልጄ ቀለበት ይዞ መጣ ባንድ ቀን፤
ግራጫ፥ የጠቆረ፥ ዝናብ እንዳዘለ ሰማይ፥
ፊቴን አጣሞ የሚያሳይ።

«ይኸ ነው ወይ?» አልሁት። «ይኸ ነው» አለኝ ኦፊር፥
«ቱንግስተን ካርባይድ፤ አይጫር፥ አይጠቁር እንደ ብር።»
«ሰሙ የት አለ?» አልሁት፥ «ወርቁስ የታል ልጄ?»
አልገባውም እሱ፤ ቅኔው ቀረ በእጄ።
ከዚያ መዳፌ ላይ ጣል አደረገልኝ፤
ከመጠኑ በላይ ከብዶ አስደነገጠኝ።

እኔ ብረት ነው ያሳደገኝ።
ወገራ፥ ከወናፍ ፊት።
ቀን ማረሻ ይዘው ደጄ የሚመጡ፥
ሲመሽ «ቡዳ» ብለው ካይኔ የሚያመልጡ
ጎረቤቶች ነበሩኝ ባገር፤
በማረሻው ትከሻ፥ ሦስት ጭረት አንድ ክብ፥ ማኅተሜ ነበር።

ሞረዴን አምጥቼ ፈተንሁት በጎኑ፤
የሞረዱ ጥርሶች ለሰለሱ፥ መከኑ፤
እሱ እንደሆን ያው ነው፥ ያው ግራጫ ቀኑ።
«ቢጠብህስ?» «አይሰፋም።» «ቢሰፋህስ?» «አይጠብም፤
ሌላ ይገዛል እንጂ ጠጋኝ የለውም።»
ዝም አልሁ። እንዲህ ያለ ነገር፥
አንጥረኛ የማይፈልግ፥ በኛ ጊዜ ምን ይባል ነበር?

በሠርጉ ቀን ለሊአት ወርቅ አጠለቀላት፤
ለራሱ ግራጫውን። «ጋራዥ ስውል አይጎዳም» አላት።

በጥር ዝናብ ክሪኩ አምልጦ ጣቱን መታው፤
አበጠ፥ ጠቆረ፤ ቀለበቱ ሰንጎ ያዘው።
ነርሷ የወርቅ መቁረጫ መጋዟን አመጣች፤
መጋዙ ዞረ፥ ዞረ፤ ጥርሱ ረገፈ፥ ተናደደች።
እኔ ነኝ ያልሁ፦ «ጉጠት ስጡኝ፤
አይቆረጥም ይኸ፤ ልጨቁነው፥ ተዉኝ።»
ጠበቅ፥ ደግሞ ጠበቅ፥ እንደ ፈራ ሰው፤
የማይጎብጥ ነገር ድካሙ የት እንዳለ ቀጥቃጭ ነው የሚያውቀው።
ጠሽ!
በሦስት ተሰበረ።
ጣቱ ተነፈሰ። ልጄ አለቀሰ።

በሳምንቱ ሌላ ገዛ፤ ያንኑ ግራጫ፥ በያው ዋጋ።
አልሳቅሁም። ክብደቱን ይወዳል፤
ጣቱን ሰው የያዘው ይመስለዋል፥ ሲነጋ።

ስብርባሪው እኔ ጋ ነው።
ትናንት ከሦስተኛ ፎቅ፥ ከመስኮቴ ማዶ፥
ትራክተር ያርስ ነበር ከሸለቆው ወርዶ።
ስባሪውን ይዤ መስታወቱን ጫርሁት፤
ጮኸ። ሦስት ጭረት፥ አንድ ክብ፥ ቀስ ብዬ ጻፍሁት።
ትራክተሩ በክቡ ውስጥ ሲያልፍ አየሁት።