አርባ ሁለት ሰዓት

ጉልበቷን በበረዶ ጠቅልላ፣
ላውቶካ ገበያ፣ ከእናቷ መደብ ኋላ፣
ራይጄሊ ትደምራለች፦
ዘጠኝ ዓመት ሮጣ ስንት ሰዓት ሮጠች?

አንድ ግጥሚያ፣ አሥራ አራት ደቂቃ፤
መቶ ሰማንያ ጊዜ ተነሥታ ወድቃ፣
አርባ ሁለት ሰዓት። በቃ።
ሁለት ቀን እንኳ አይሞላም።

«የቀረውስ የት ገባ?» አለች እናት፣ ሳንቲም ቆጥራ።
የቀረው አሸዋው ነው፣ የሲጋቶካ ተራራ፣
ጎሕ ሳይቀድ፣ በባዶ ሆድ፣ በእንብርክክ የወጣችበት፤
የትከሻዋ ስፌት፤
«ራግቢ ለሴት?» ብሎ አባቷ የዘጋው ቤት፣
ኋላ ግን የጎረቤት ቴሌቪዥን፣ በመስኮት
ቆሞ ያያት፣ ሳይነግራት።

ደንበኛ መጣ። እናት ካሳቫ ወረወረች።
ራይጄሊ በደረቷ ቀለበች፣
ዘወር ሳትል፣ ወደ ኋላ፣ ለታናሽ እህቷ አቀበለች።