ትንፋሽ ያዢ

ቀን ቀን አጥንት አነሳለሁ፤ ማንም አይስቅልኝ።
«ደረት ወደ ሳህኑ፤ ትንፋሽህን ያዝልኝ፤
አሁን ተንፍስ።» በቃ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ
ከሆስፒታሉ ምድር ቤት ይኸው ነው ቃሌ ሁሉ።
ስብራት አውቃለሁ፣ ፊት ግን አላስታውስም፤
ሰው በእጄ ያልፋል፤ መልኩ ግን አይደርስም።

ለዚህ ነው መሰለኝ፣ እቁቤ ሲደርሰኝ
ጣሪያ ከማስጠገን ካሜራ ያማረኝ።
(ባለቤቴ ረውዳ እስካሁንም ድረስ
ከፍሳሹ ስር ባልዲ ስታኖር፣ አየት አርጋኝ መለስ።)

መርካቶ፣ ከስልክ ጠጋኞቹ መሃል፣
ኸይሩ የሚባል ሰው ያገለገለ ይሸጣል።
ሁለት አወጣልኝ፤ አንዱ አዲስ፣ ቁልፉ የሚያብረቀርቅ፣
አንዱ ጥጉ የተላጠ፣ ጎማው የሚላቀቅ።

ቶፊቅን ይዤ ነበር፣ ሰርግ የሚያነሳ፣
ስንት ሙሽራ አይቶ አንዷን የማይረሳ።
«ቦዲ ያረጃል» አለኝ፣ «በገዛኸው ማግስት፤
ብርህን ለሌንስ ስጥ፣ እሱ ነው የሚያይበት።
ፒክስል እንደ ምስር የሚለቀም አይደለም፤
የሚያይልህን ግዛ፣ ሲመሽ፣ ሲጨልም።»
የተላጠውን ገዛሁ፣ ከአንድ ሃምሳ ሚሊሜትር፤
አጉሊው ሌንስ ቀረ፤ ከእቁቤ በላይ ነበር።

ካሜራ የሌለው ሰው የጅማን ክረምት አያውቅም።
ሻጋታ ጫማ ላይ፣ ኮት ላይ በቅሎ አይበቃውም፤
ሌንስ ውስጥ ይገባል፣ እንደ ሸረሪት ያደራል።
ከክኒን ብልቃጥ የሚጣል እርጥበት ጠጪ ከረጢት
ከፋርማሲው ለቃቅሜ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ የምሳ ዕቃ ሞልቼ፣
ካሜራዬ እንደ በሽተኛ መድኃኒት ታቅፋ ታድራለች።

የመጀመሪያውን ወር ባልናገር ይሻላል።
ጂረን ወጥቼ የአባ ጅፋርን ሰገነት አነሳሁ፤ ሰማዩ ነጣ፣ እንጨቱ ጠቆረ፤
አዌቱ ድልድይ ላይ ባጃጅ አነሳሁ፤ ሰማያዊ ጭረት ብቻ ቀረ።
አይኤስኦውን ሰቅዬ ሌሊት ያነሳሁት
ፈረንጅ አራዳ ነው፤ ጤፍ የተበተነበት።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣
ቦዬ ረግረግ ወረድኩ፣ ከዚያችው ካሜራ ጋራ።
አንድ እግረ ረጅም ወፍ፣ ጉንጩ ስር ሎቲ ያንጠለጠለ፣
ማዶ ቆሟል፤ በሃምሳዬ ሳየው የክብሪት ራስ አከለ።
ቀረብኩ። ራቀ። ቀረብኩ። ጭቃው ጉልበቴን ያዘው፤
አጉሊ የሌለው ሰው እግሩ ነው የሚያጎላው።
ወፉ ተነሳ። ሄደ።
የቀረችው ደንገል የምታጭድ ሴት ናት፣ እየሳቀች፦
«እሱ እኮ» አለችኝ «ሳይከፈለው አይቆምም፤
እኔን አንሳኝ እንጂ፤ አልበርም፣ አልሸሽም።»

ጠጋ አልኩ። ደመናው ከብዷል፣ ብርሃኑ ጥቂት ነው፤
ቀዳዳውን ከፈትኩ እስከ መጨረሻው፣
መዝጊያውን አዘገየሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል።
ሻርፗ ከግራ ትከሻዋ ተንሸራቶ ወርዷል፤
ከአንገቷ ስር አንዲት አጥንት ጎበጥ ብላ፣
እንደ ቸኮለ ስፌት ተደራርባ ገጥማ —
አወቅኋት። ፊቷን አይደለም።
ሲቲና። አምና ሰኔ። ከበቅሎ ወድቃ።
የመጀመሪያው ስለተበላሸ ሁለቴ ነው ያነሳኋት፤
ቆጣ ብዬም ነበር፣ «ትንፋሽ ያዢ!» ያልኳት።

«አንተ!» አለች እሷም፣ ድምፄን ይሁን ዓይኔን ለይታ፣
«ያ የምድር ቤቱ! የማታውቅ ሰላምታ!
ያኔ ያዢ ብለህ፣ ረስተኸኝ ልሞት ነበር፤
ዛሬ አንተ ያዝ እስቲ፤ የኔ ተራ ነው መናገር።»

ያዝኩ።
ክርኔን ከጎድኔ አጣብቄ፣ ካሜራዋን ከጉንጬ፣
ደረቴን ሞልቼ፣
ቀጭ።

«አሁን ተንፍስ» አለች።

ማታ ስከፍተው ፎከሱ ዓይኗ ላይ አልዋለም፤
አጥንቷ ላይ ነው የጠራው። ልማድ አይለቅም።
ላጠፋው ስል ረውዳ ከኋላዬ መጥታ አየች፤
«ሳቋ ግን ብዥ ብሎም ይሰማል» አለች።
ባልዲው ሞልቶ ነበር፤ ልትደፋ ወጣች።