ቆሞ ሲበርድ

ሦስተኛው ፓምፕ ነደደ፣ በዓመቱ ለሁለተኛ፤
ጥፋተኛም ተገኘ፤ ዲንቂቱ፣ የሌሊት ተረኛ።
«እጇ ችኩል ነው» አሉ፤ «ሳይበርድ አስነሥታ፣
ሞተር ፈጀች» አሉ፤ «በውሃ ጠማን ጩኸት ተረትታ።»
የአሥር ቀን ደመወዟ ተቆረጠ በደብዳቤ፤
እኔም ፈረምኩ፣ ምስክር ሆኜ፣ በሙሉ ልቤ።

አዲሱ ሞተር መጣ፤ ቀለሙ ገና ይሸታል።
«ሴቲንጉን አንተ ሙላ» አሉኝ፤ ድሮስ ማን ይሞላል?
የሪሌውን ክዳን ከፍቼ ገጽ በገጽ ስወርድ፣
አንድ መስመር ላይ ቆምኩ፦ «የጊዜ ቋሚ፣ ሲበርድ»።
ሠላሳ ደቂቃ ይላል።
ከላዩ «ሲሞቅ» የሚለውም ሠላሳ ደቂቃ ይላል።
የላይኛውን ቁጥር ለታችኛው አውርሶ፣
እጄ ነው የጻፈው፣ ባለፈው ሚያዝያ፣ ምሳ ሰዓት ደርሶ።

ያን ሌሊት ቤቴ አልገባሁም።
ሞተሩን አሙቄ አሙቄ፣ ስድስት ሰዓት ላይ አቆምኩት፤
ጀሪካን ደፍቼ ተቀመጥኩ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት።
ውጭ ነፋስ ነው። አዳማ መቼ ነፋስ አጥታ?
ኮረብታው ላይ ያ ሁሉ ነጭ ክንፍ ይዞራል፣ ማታ ለማታ፤
የፓምፑ ቤት ግን ግድግዳው ብሎኬት፣ መስኮቱ ላሜራ፣
ሞተርም ነፋሱን ከራሱ ነው የሚሠራ።
ከጀርባው፣ በዚያው ዘንግ ላይ፣ አንዲት ማራገቢያ አለችው፤
ሲሮጥ አብራው ሮጣ ላቧን ከላቡ የምትቀላቅለው።
ሲቆም፣ እሷም ቆመች።

«ዕረፍት ያበርዳል» ነበር የተማርነው።
እየሮጠ ነው ለካ ነፋስ የሚያገኘው፤
የቆመ ነገር ትኩሳቱን አቅፎ ነው የሚቀመጠው።
እንደ ቦኩ መሬት፤ እሳቱ መቼ እንደተዳፈነ ማን ያውቃል?
ዛሬም ድንጋዩ ሥር እንፋሎት ይተነፍሳል፣
ወገቡን ያመመው ሰው ሄዶ ይታጠንበታል።

ስድስት ሰዓት፦ መቶ ሰባት ዲግሪ።
ስድስት ተኩል፦ ሰማንያ ስድስት።
ቀና ብዬ ሪሌውን አየሁት፤
«ሃምሳ ሰባት» ይላል፣ አረንጓዴውን አብርቶ፣
«ተነሣ፣ ምንም የለብህ» ይለዋል፣
በእኔ ቁጥር ተሞልቶ።
ዲንቂቱ ያየችው ይህን ነው።
አረንጓዴውን እመኚ ያልናት ደግሞ እኛ ነን።

እውነተኛው ሃምሳ ሰባት የመጣው
ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው።
መቶ ደቂቃ። ከጻፍኩት ሦስት እጥፍ አልፎ።
ያኔም ቢሆን ከመቶው ሙቀት ሠላሳ ሰባቱ እዚያው አለ፣
ጥቅልሉ ውስጥ ታቅፎ።
ሞላሁት፦ አንድ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።
ሪሌው «ጢጥ» አለ፤ ያ ሁሉ ጣጣ ለዚህች ድምፅ ኖሯል።

በነጋታው ደካ አዲ፣ ቤቷ ሄድኩ።
ውሃ መጥቶላት በረንዳ ላይ ልብስ ታጥባለች።
ለሥራ አስኪያጁ የጻፍኩትን ደብዳቤ ቅጂ ሰጠኋት።
አነበበችው። ደግማ አነበበችው፤
በእጇ አረፋ ወረቀቱ ረጠበ፣
ፊርማዬ፣ ያው ሰማያዊው፣ ፈሰሰ።
«ደመወዜ ይመለሳል» አለች፤ ጥያቄ አልነበረም።
«ይመለሳል።»
«ሞተር ያቃጠለችው ይሉኛል፤ ልጆች ሳይቀሩ።»
ዝም አልኩ።
«ይህን ሁሉ ሌሊት ለብረት ቁጭ ብለህ ለካህ።
ለእኔስ፣ ስንት ደቂቃ ሞላህልኝ?»

ቴርሞሜትሬን አልያዝኩም ነበር።
ቧንቧው ብቻ፣ በመሃላችን፣
ባልዲዋን ይሞላል።