ልጓም

አባ ቦራ ይሉታል፤ ቦራ ፈረሱ ነው፤
ከዴዶ ዳገት ላይ ልጁ ነው ያወረደው።
ሆዱ ሊከፈት ነው፣ እብጠቱ ሊወጣ፤
ስሙን ይዞ መጣ፣ ፈረሱ አልመጣ።

ሌሊቱን አዌቱ ሞልቶ ሲጮህ አድሯል፤
የጅማ ዝናብ ነው፣ ቆርቆሮ ያደነቁራል።
መብራት ሁለቴ ሄደ፣ ጀነሬተር ተነሣ፤
ቀዘቀዘ መስኮት ላይ ሻዬ እንደተረሳ።

«እንደ ሩኩዕ ጎንበስ በል» አልኩት፤ ጎነበሰ፤
«ቢስሚላህ» አለና ትንፋሹን መለሰ።
በደረቱ ትክክል፣ በጀርባው አጥንት መሐል፣
መርፌዬን ስገፋው አከርካሪው እምቢ ይላል፤
እምቢ፣ እምቢ ሲል ቆይቶ
በድንገት እሺ አለኝ፣ እንደ በር ተከፍቶ።
ቀጭን ቱቦ አሾለክሁ፣ መድኃኒት አፈሰስኩ፤
ሰማንያ ስምንት የነበረ ልቡን ስልሳ ላይ መለስኩ።

መምህሬ ዱባለ፣ ነፍሱን ይማር፣ ይል ነበር፦
«ልብ ሁለት ጌታ አለው፤ አለንጋና ልጓም።
ኤፒዱራል አለንጋውን ይቀማል፤
ልጓሙ ግን የትም አይሄድም።»

ጡንቻ ከሚያላሉት ሁለቱን አውቃለሁ፦
ፓንኩሮኒየም ልጓም ያላላል፣ ልብን ያስጋልባል፤
ቬኩሮኒየም ጨዋ ነው፣ ልብ አይነካም ይባላል።
ጨዋውን መረጥኩ።
ሃምሳ ስድስት።
አርባ ዘጠኝ።
አርባ ሦስት።
ጨዋ ዝም ሲል ጊዜ ልጓም ብቻውን ይስባል፤
አለንጋ የተቀማ ፈረስ በምን ይጋልባል?
«ምነው?» አለ ቀዳጁ፣ ቢላውን አቁሞ።
አትሮፒን ገፋሁለት፤ መጣ ልቡ ደግሞ፤
ሃምሳ።
ስልሳ ሁለት። ሶምሶማ።

ከሰዓት በኋላ፣ በማገገሚያው ክፍል፣
ቱቦው ገና ከጀርባው መድኃኒት ጠብ ሲል፣
ልጁ ነዚፍ ገባ፣ ጫማው ጭቃ፣ ዓይኑ መሬት።
«አባ፣ ቦራን ሸጥኩት። ለመድኃኒቱ ነው።
የሰርቦ ሰው ወሰደው። ደግ ሰው ይመስላል።»

በልማዴ ዓይኔ ወደ ሞኒተሩ ሮጠ፤
ስልሳ ሁለት። ስልሳ ሁለት። አልጨመረ፣ አልደነገጠ።
ነዚፍም ቁጥሩን አየ፤ «እሰይ፣ አልከፋውም» አለ፤
በረዥሙ ተነፈሰ፣ ጭነት እንዳቃለለ።
እኔ አልነገርኩትም
ልብ የሚሮጥበትን መንገድ
ጠዋት በገዛ እጄ እንደዘጋሁት።

አባ ቦራ ጣሪያውን ያያል።
ብርድ ልብሱ ሥር ጣቶቹ ቀስ ብለው ተጨበጡ፤
አንዴ ወደ ራሱ ሳበ፣
ከዚያ ለቀቀ።